የሁለት ቤት ልጅ፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከከሚሴ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ከተሻገረ በኋላ ከሚሴ ይደርሳል፤ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መኪናው ቆሞ ጫት ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ላዳመጠ ሰው፣ ጭውውቱ በጀመረበት ቋንቋ አያልቅም። ዋጋው በኦሮምኛ ይጠራል፤ ንትርኩ ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ መሐላውና ምርቃቱ ላይ ዓረብኛ ጣል ይደረግበታል። ተናጋሪዎቹ መሻገራቸውን ልብ እንኳ አይሉትም። ከሚሴ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ የተዘረጋ ነው፤ ልጆቹ ፊደል የሚቆጥሩት በኦሮምኛ፣ ገበያና መንገድ ላይ የሚውሉት ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ነው።

ይህን ማንሣቴ ስለ አንድ ጸሐፌ ተውኔት ለማውራት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የከሚሴ ሰው አይደለም፤ የተወለደው ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አምቦ አጠገብ ነው። ሆኖም የከሚሴ አንባቢ ከኢትዮጵያ ጸሐፍተ ተውኔት መካከል አንዱን «የኔ ቢጤ» ብሎ ይምረጥ ቢባል፣ ከጸጋዬ የቀረበ የሚያገኝ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ስለ ጸጋዬ ሲወራ ሎሬትነቱ፣ የአማርኛው ክብደትና ሞገደኛነቱ ይነሣል። የሁለት ቤት ልጅ መሆኑ ግን እንደ ተራ የሕይወት ታሪክ መረጃ በአንድ መስመር ተጠቅሶ ይታለፋል። እኔ ዋናው ነገር እዚያ መስመር ላይ ነው እላለሁ።

የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ቦዳ በምትባል ቦታ ነው። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ናቸው። ከብት አግዷል፤ ግዕዝ ተምሯል። ልጅ ሆኖ በአንድ በኩል የኦሮሞ ሽማግሌዎች ወግና ምሳሌ፣ በሌላ በኩል የቤተ ክህነት ዜማና ቅኔ ጆሮው ውስጥ ገብቷል። እነዚህ ሁለት የንግግር ጥበቦች ሩቅ ለሩቅ የሆኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ጮክ ተብለው፣ በሰው ፊት፣ በጆሮ እንዲደመጡ የተሠሩ ናቸው። ወሎም ይህን ያውቀዋል። መንዙማ መሪና ተቀባይ፣ ድቤና ጭብጨባ አለው፤ የሸህ ሁሴን ጅብሪል ግጥም በወረቀት ሳይሆን በቃል ነው ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው። ቴአትር የሚባለው ነገር በአዳራሽና በመጋረጃ ከመምጣቱ በፊት አድማጩ ተዘጋጅቶ ቆይቷል ማለት ነው።

የትውልድ ቀኑን ልብ በሉት። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ፋሺስቶች አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ገደሉ። ጸጋዬ የተወለደው ከዚያ በ19ኛው ቀን ነው። እኒህ አባትና ይህ ልጅ በኋላ መድረክ ላይ ይገናኛሉ።

ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ «ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የተሰኘ ተውኔት ጻፈ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ካዩት ተመልካቾች አንዱ ነበሩ። የአምቦ ልጅ ስለ ጥንት ግሪካዊ አምባገነን መጻፉ ሊያስገርም ይችላል። ግን ነገሩን ከንጉሡ ወንበር ሆኖ ለሚያየው፣ ስለ ሩቅ አገር ንጉሥ ቅርብ ላለው ንጉሥ መናገር ከቅኔው ቤት የመጣ ብልሃት ነው፤ ሰሙን ለፊት፣ ወርቁን ለኋላ ማድረግ። ጸጋዬ ይህን መንገድ ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም።

እሱ ብቅ ሲል የኢትዮጵያ ቴአትር ራሱ ገና ወጣት ነበር። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንስሳትን ገጸ ባሕርይ አድርጎ የመንግሥቱን አሠራር የሚሸነቁጥ ኮሜዲ ጻፈ፤ ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። ቀጥሎ ጥበቡን የያዙት መምህራን ናቸው። ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የመጣው ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተማሪዎቻቸውን እያሠለጠኑ በትምህርት ቤት መድረክ አሳዩ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ዓላማው ጦርነት እያንዣበበ ሳለ ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በዚያን ጊዜ የነበሩት ብዙዎቹ ተውኔቶች ነገሥታትንና መሳፍንትን ይዘው ስለ ምግባር የሚሰብኩ ነበሩ። አማርኛቸው ያማረ፣ ምክራቸው የበዛ፣ ድርጊታቸው ግን ያነሰ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ዮፍታሔን ከዚህ አወጣዋለሁ፤ ዘፈኑም ለዛውም ሌላ ነበር።

ጸጋዬ ጄኔራል ዊንጌትና ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። ዊንጌት ሳለ ያለ ንግግር በአካል እንቅስቃሴ ብቻ በሚሠራ ትወና ተማረከ። ለቃል እንዲያ የሚጨነቅ ሰው ቃል አልባ ትወና መውደዱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ግን ጥሩ ጸሐፌ ተውኔት ተዋናዩ ዝም ባለበት ቅጽበት ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለበት። ከዚያ ቺካጎ ሄዶ በብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 በሕግ ተመረቀ። ጠበቃ ግን አልሆነም። በማግሥቱ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ለንደን በሮያል ኮርት ቴአትር፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትር ሥራ ተመለከተ፣ አጠና። ሁለቱ ቤቶች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሮያል ኮርት በዚያ ሰሞን የእንግሊዝ ወጣት ጸሐፍት ቁጣቸውን የሚያወጡበት፣ ተራው ሰው በተራው ቋንቋ የሚናገርበት መድረክ ነበር፤ እነ ጆን ኦዝቦርን የወጡት ከዚያ ነው። ኮሜዲ ፍራንሴዝ ደግሞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሞልየርንና የራሲንን ግጥም እንደ ቅርስ ጠብቆ የያዘ ቤት ነው። ጸጋዬ ከአንዱ የጎዳናውን ሰው፣ ከሌላው የግጥሙን ክብር ይዞ ተመለሰ። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ማጣመሩ ነው የእሱ ልዩ ምልክት።

ሲመለስ ብሔራዊ ቴአትርን መርቶ፣ ጽፎ፣ አዘጋጅቶ ሠራ። «በልግ»ንና «የሾህ አክሊል»ን ቀደም ብሎ ጽፏል፤ «የከርሞ ሰው»፣ «አስቀያሚ ልጃገረድ»፣ «ክራር ሲከር»፣ «ሊስትሮ» የሚሉ ሥራዎችም አሉት። ርዕሶቹ ብቻ ብዙ ይናገራሉ። ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ ከገጠር መጥቶ ከተማው የዋጠው ወጣት፣ ኑሮ ያጎበጣት ሴት የመድረክ ባለቤት ሆኑ። ቴአትር ቤቱ በቀይ ምንጣፍ፣ በመኳንንት ወንበርና በፈረንጅ ብርሃን ተሠርቶ ሳለ ሊስትሮው እዚያ ላይ ወጥቶ በግጥም መናገሩ ለዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ሳንሱሩም አልተኛም። ጸጋዬ ሦስት መንግሥታት አይቷል፤ በሦስቱም ዘመን ከመቁረጫው መቀስ ጋር ተፋጧል። እ.ኤ.አ. በ1966 በ29 ዓመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። የሚሸልመውና የሚያግደው እጅ አንድ መሆኑ የዘመኑ ጠባይ ነው።

ስለ አማርኛው ሳይወራ አይታለፍም። «ጸጋዬ አይገባም» የሚለው ስሞታ ዛሬም አለ። እውነት አለው። ቃል ያጣምራል፣ ግሥን ከስም ያዋልዳል፣ ሐሳቡን አጥብቆ ያስረዋል፤ ባለቅኔዎች «የጸጋዬ ቤት» የሚሉት የግጥም ምጣኔ እስከ መሠየም ደርሷል። ይህ ዓይነት አማርኛ ከየት መጣ ቢባል፣ አማርኛን በአንድ ወገን ብቻ ካልሰማ ሰው ጆሮ መጣ ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ቋንቋ በቀር የማያውቅ ሰው ቋንቋው እንደ አየር ነው፤ አያየውም። ሁለት ቋንቋ ይዞ ያደገ ሰው ግን ቃልን ከውጭም ያየዋል፤ «ለምን እንዲህ ተባለ? እንዲህ ቢባልስ?» ይላል። የከሚሴ ልጅ ይህን መምህር ሳይነግረው ያውቀዋል።

ነቀፌታውም ይነገር። የጸጋዬ ገጸ ባሕርያት አንዳንዴ ሁሉም እንደ ጸጋዬ ይናገራሉ። ሊስትሮውም፣ ጳጳሱም፣ ንጉሡም ያው ነጎድጓድ አላቸው። የመንግሥቱ ለማን ኮሜዲዎች ከጎኑ ቢያስቀምጧቸው ልዩነቱ ይታያል፤ መንግሥቱ ለማ ሰውን በአነጋገሩ ይለየዋል፣ ያስቃል፣ ያዝናናል። ጸጋዬ ሲያስቅ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው። ቀለል ያለ ምሽት የፈለገ ተመልካች የጸጋዬን ቲኬት ባይቆርጥ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ትተን ተዋናዩን እንይ፤ የጸጋዬ ተውኔት በንባብ ግማሹ ነው፣ ሌላው ግማሽ ተዋናዩ ላይ ነው ያለው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ረጅም የጸጋዬ ዐረፍተ ነገር ሲጀመር ማን ምን እንዳደረገ ገና አልታወቀም፤ ተመልካቹ የሐሳቡን ቋጠሮ ይዞ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ተዋናዩ ትንፋሹን ካልመጠነ ድምፁ የሚደክመው ልክ ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ የኋላው ረድፍ ምኑንም ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ተዋናይ ጽሑፉን ሲቀበል ከሁሉ በፊት የትንፋሽ ቦታ ያበጃል፤ የት እንደሚያርፍ፣ የት አፍኖ እንደሚይዝ፣ የትኛውን ቃል ለመጨረሻው እንደሚቆጥብ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ሌላም ፈተና አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ወረቀቱ ላይ አንድ የሆነው ቃል በአፍ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ጸሐፊው አጠገቡ ከሌለ የሚወስነው ተዋናዩ ነው። የጥናት ክፍል ውስጥ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው በዚህ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ጭቅጭቅ ነው።

በዚያ ትውልድ ይህን ጥበብ የተካኑ ሰዎች ተገኙ። ወጋየሁ ንጋቱ፣ ደበበ እሸቱ፣ ተስፋዬ ገሠሠ፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆ፤ ከእነዚህም ተስፋዬና ዓለምፀሐይ እንደ ጸጋዬ ጸሐፊዎችም ናቸው። ወጋየሁን ቴአትር ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ አገር ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክራፎን፤ ግን ሽማግሌውም፣ ወይዘሮዋም፣ ተማሪውም ድምፃቸው የየራሳቸው ነው። ቴአትር ቤት ያልነበራት ከተማ ሁሉ የኢትዮጵያን ታላቅ ተዋናይ ያገኘችው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. አረፈ፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማል።

ወደ አቡነ ጴጥሮስ እንመለስ። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው፤ የፍቼ ተወላጅ ሲሆኑ ሀገረ ስብከታቸው መንዝና ወሎ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ካለቀ በኋላ የማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ የተጠቀመው ዋናውን የደሴ መንገድ ነው፤ የቦርከናንና የጨፋን ሜዳ አቋርጦ፣ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠብቆት፣ ሚያዝያ 27 ከተማዋ ገባ። ዛሬ የከሚሴ ሚኒባስ የሚመላለስበት መስመር መሆኑ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የራስ ካሣ ልጆች የመሩት የአርበኞች ጦር አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲሞክር አቡነ ጴጥሮስ ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ጳጳሱ ተያዙ። ሕዝቡን አውግዘው እንዲያስገብሩ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ።

ጸጋዬ «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን ሲጽፍ ጦርነቱን ትቶ ሰዓቷን ያዘ። የድል ተውኔት መጻፍ ቀላል ነበር፤ ሰንደቅ፣ መለከት፣ ፉከራ። እሱ ግን ሰውየውን ከመገደሉ በፊት ለብቻው አቆመው። ከፊቱ ሞት፣ ከኋላው የታደለውና ያልታደለው ሕዝብ፣ ከላይ ዝም ያለ አምላክ አለ። ጀግናው ይፈራል፤ ይጠይቃል፤ ከፈጣሪው ጋር ይሟገታል። ብዙ ተመልካች የማይረሳው እምቢታውን ብቻ አይደለም፤ እምቢ ለማለት የተከፈለውን ዋጋ ነው። ቅዱስ ሰውን አስፈርቶ ማሳየት ድፍረት ነው። አዲስ አበባ ያለውን ሐውልት ያየ ሰው ቀጥ ብለው የቆሙ ጳጳስ ያያል፤ ተውኔቱን ያየ ግን እንዴት እንደ ቆሙ ያውቃል።

ይህ የጸጋዬ ልማድ ነው። ታሪካዊ ሰዎቹን ሁሉ የሚይዛቸው በጭንቅ ሰዓት ነው። ቴዎድሮስን ለመቅደላ ነው የሚያበቃው፤ ያችም አምባ የወሎ ናት። ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ሲመልስም የመረጣቸው «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ን፣ «ማክቤዝ»ን፣ «ንጉሥ ሊር»ን ነው። ሥልጣን፣ ቅናት፣ ክህደት፣ እብደት፤ የቤተ መንግሥት ጓዳ ሁሉ። ተርጓሚው የሚያስበው ስለ ዴንማርክ ብቻ እንዳልነበረ አዳራሹ የገባ ሁሉ ያውቅ ነበር። እነዚህን ሥራዎች መድረክ ላይ በማቆም ስሙ የሚነሣው አዘጋጅ አባተ መኩሪያ ነው፤ ጸጋዬ የጻፈውን ነጎድጓድ ወደ ትዕይንት የለወጠ ሰው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ለከሚሴ አንባቢ ከሁሉ የቀረበውን ሥራ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የጸጋዬን አንድ ተውኔት በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ርዕሱ በኦዳ ዛፍ ላይ የቆመ ነው። ኦዳ በኦሮሞ ዘንድ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚወጣበት፣ እርቅ የሚወርድበት ዛፍ መሆኑን እዚህ ማንም አይነገረውም። በተውኔቱ ውስጥ ከዛፉ የሚመጣው ትንቢት ከባድ ነው፤ ከሻንካና ከኡኩቴ የሚወለደው የበኩር ልጅ ለአባቶች መንፈስ እንዲሠዋ ያዛል። ሻንካ ልጁን እንዳያጣ ብሎ ሚስቱን አይነካትም፤ እሷ ደግሞ ልጅ ትሻለች። በሌላ ምድር ሌላ እምነት ተምሮ የተመለሰው ጎዓ መሐላቸው ይገባል። ማንም ክፉ አይደለም፤ ሁሉም ግን ይጠፋል። የአባቶች ሕግ፣ አዲሱ እምነትና የአንዲት ሴት ምኞት ሲጋጩ ማን ይዳኛል? ጸጋዬ አልዳኘም።

ጥያቄው፣ ይህን የኦሮሞ ጉዳይ ለምን በእንግሊዝኛ ጻፈው? የሚል ነው። የዘመኑን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ግማሹን መልስ አያጣውም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በኦሮምኛ ማሳተምና ቴአትር መሥራት በሩ የተዘጋ ነበር። በአማርኛ ቢጽፈው ደግሞ ሳንሱሩ አለ። እንግሊዝኛው ከሁለቱም አስመለጠው፤ ለአፍሪካና ለዓለም አንባቢም አደረሰው። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ገበሬ ተውኔቱን ሳያየው ቀረ። ጸጋዬን ለዚህ የሚወቅሱት አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ወቀሳ ካለ ለእኛ ነው፤ በሩ ከተከፈተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

1966 ዓ.ም. መጣ። የወሎ ረሃብ አስቀድሞ ገበሬውን ከሰሜን ወደ ደሴው አስፋልት ዳር አውርዶት ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የሞከሩት ተመለሱ፣ መንግሥትም ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው፤ ንጉሡ በሚወርዱበት ዋዜማ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ጸጋዬ «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን የጻፈው በዚያ ትኩሳት ውስጥ ነው። አዲሱ ዘመን ፊደል እየቆጠረ ነበር፤ የሚያስቆጥረው ማን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። «እናት ዓለም ጠኑ»ን ከበርቶልት ብሬክት፣ በጦርነት ንግድ ከምትኖር እናት ታሪክ ወስዶ አገራዊ አደረገው። «አቡጊዳ ቀይሶ»፣ «መልእክተ ወዛደር»፣ «ጋሞ» ተከተሉ። በባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ኃላፊነት ተሰጠው፤ አልቆየም። በ1971 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲከፈት ከደከሙለት አንዱ ነው። ከዚያ ክፍል የወጡት ተማሪዎች ናቸው በኋላ በየክልሉ ባህል ቢሮና በየቴአትር ቤቱ የተበተኑት።

ደርግ ለመድረክ ፍቅር ነበረው፤ ለመቀስቀሻ። ቀበሌው፣ ፋብሪካው፣ የገበሬ ማኅበሩ ሁሉ የኪነት ቡድን አቋቋመ። ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ስሙ ገነነ፤ የባቲን፣ የአምባሰልን፣ የትዝታንና የአንቺሆዬን ቅኝት በመላው አገር አስደመጠ። እነዚህ ቡድኖች አጫጭር ጭውውቶችም ያሳዩ ነበር። ጽሑፎቹ አብዛኞቹ የሚረሱ ነበሩ፤ ተዋንያኑ ግን አልነበሩም፤ ብዙ ሰው መድረክ ላይ መቆምን የተማረው እዚያ ነው። ሙዚቃው ተርፎ ድራማው መጥፋቱ ይቆጨኛል።

በኋለኛው ዘመኑ ጸጋዬ ወደ ጥንት ታሪክ፣ ወደ ዓባይና ወደ ጥንታዊት ግብጽ አዘነበለ፤ በዳካርና በአልጀርስ የአፍሪካ የባህል በዓላት ላይ ተገኝቶ ነበርና አፍሪካዊነቱ የቆየ ነው። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት የሚጠቀምበት መዝሙር ግጥም የእሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት የጸደቀ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ «ሀ ሁ ወይም ፐ ፑ»ን ጻፈ። ከዚያ ኩላሊቱ ታመመ፤ ለሕክምና አሜሪካ ሄደ፤ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ በ69 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ መጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

የሕይወቱ ታሪክ እዚህ ያበቃል፤ የሥራው ግን ለከሚሴ ገና አልጀመረም። የጸጋዬ መጻሕፍት በአማርኛ መምህራን እጅ አሉ፤ ስለ እሱ በኦሮምኛ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። እሱን አማራው በአማርኛው፣ ኦሮሞው በትውልዱ፣ እየጎተተ ለሁለት የሚከፍለው አለ። በፖለቲካው ሰፈር ይህ ጉተታ ብዙ እንጀራ ያበላል። ተውኔቶቹን ላነበበ ሰው ግን የሚከፈል ነገር አይገኝም፤ የፍቼውን ጳጳስ በአማርኛ ግጥም፣ የኦዳን ሸንጎ በእንግሊዝኛ፣ የወሎን አምባ በሸዋ አፍ የጻፈ ሰው ምኑ ይቆረጣል?

ስለዚህ ለዞኑ መምህራን፣ ለባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎችና ለትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበባት አንድ ነገር ልጠይቅ። «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ተውኔት ነው። አንድ ጠንካራ ተዋናይ፣ ጥቂት ረዳቶች፣ ባዶ መድረክና ጸጥ የሚል ታዳሚ ይበቃዋል፤ የትምህርት ቤት አዳራሽም ያገለግላል። የኦዳውን ተውኔት ደግሞ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ፣ ቅኔም ገራርሳም የሚገባው ሰው ወደ ኦሮምኛ ይመልሰው፤ የደራሲውን ወራሾች ፈቃድ መጠየቅ እንዳይረሳ። በዚህ አገር ለዚያ ሥራ የሚሆን ሰው ከከሚሴና ከባቲ የበለጠ የሚገኝበት ቦታ ካለ ንገሩኝ። ከተመለሰም በኋላ የመጀመሪያው ትርኢት አዲስ አበባ አይሁን፤ እዚሁ ይታይ።